አሮጌ ታጣፊ ምላጭ ቤት ውስጥ ለመሳል፦ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችና የሥራው ቅደም ተከተል

ከአያት አለፍ ብሎ፣ የካ አባዶ ነው የምኖረው። ከቁራሌ የገዙትን፣ ምን አለሽ ተራ ያገኙትን ወይም ከአባታቸው ሳጥን ያወጡትን ታጣፊ ምላጭ ይዘው በሬን የሚያንኳኩ ጎረቤቶች አሉኝ። የሁሉም ቃል አንድ ነው፦ «ድንጋይ ገዛሁ፣ ሰዓት ሙሉ ሳልኩት፣ ፂሜን ግን ይነቅለዋል እንጂ አይላጨውም።»

ምላጩን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ድንጋዩ ለጥ ያለ አይደለም፣ ወይ ሻካራው ድንጋይ ላይ ያለው ሥራ ሳያልቅ ወደ ልሙጡ ታልፏል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ዛሬ ብዙ ፀጉር ቤቶች የሚይዙት ምላጭ ለሁለት የተሰበረ ስስ ምላጭ የሚጎርስ መያዣ ነው። እሱ አይሳልም፣ ስሱ ምላጭ ይቀየራል። እዚህ የምናወራው ስለቱ ራሱ የአካሉ ክፍል ስለሆነው፣ ወደ እጀታው ስለሚታጠፈው ነው።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ምላጩን መርምሩ

ጥሩ ድንጋይ መጥፎ ምላጭን አያድንም። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና እነዚህን እዩ፦

- ስንጥቅ። ከስለቱ ተነስቶ ወደ ጀርባው የሚሄድ የፀጉር ያህል መስመር ካለ ተዉት። መፍትሔ የለውም።
- ዝገት። ከላይ የተኛ ቀይ ዝገት ይለቃል። ስለቱ አጠገብ ብረቱን የበሳ ጥቁር ነጠብጣብ ግን አደገኛ ነው። ስትስሉት ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይወጣና ጥርስ ይሆናል።
- የጀርባው ውፍረት። ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አብረው ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። አንግሉን የሚወስነው እጃችሁ ሳይሆን ጀርባው ነው። በካሊፐር ለኩ። ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጀርባው ከ4.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሚሆን ስለት ይሰጣል። ጀርባው ተበልቶ 4 ሚሊ ሜትር ላይ ከደረሰ ስለቱ ከመጠን በላይ ይሳሳል፣ ቶሎም ይሸራረፋል።
- ቅርፁ። ስለቱ ቀጥ ያለ ወይም በትንሹ ወደ ውጭ የጎበጠ ይሁን። መሐሉ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ለጀማሪ አይሆንም።
- መጣመም። መስታወት ላይ አስተኙት። በአንዱ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ተጣሟል።

«ዞሊንገን» ወይም «ሼፊልድ» የሚል ማኅተም ጥሩ ምልክት ነው፤ አንደኛው የጀርመን፣ ሌላው የእንግሊዝ የብረት ከተማ ነው። እኔ ግን ጀርባው ያልተበላ ስም የለሽ ምላጭ፣ ጀርባው ካለቀ ስመ ጥር ምላጭ ይሻለኛል።

2. አጽዱት፣ ከዚያ ንኩት

ያገለገለ ምላጭ የማን ደም እንደነካው አታውቁም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

1. ጓንት አድርጉ። ስለቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ።
2. በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና መጋጠሚያውንና የእጀታውን ውስጥ ፈትጉ።
3. ፕላስተሩን አንሱ። ስለቱን ከጀርባ ወደ ጠርዝ ብቻ በሳሙና ጥረጉ።
4. አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ብረቱን ብቻ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ አቆዩ። እጀታው ቀንድ ወይም አሮጌ ፕላስቲክ ከሆነ እንዳይነከር።
5. አድርቁና የስፌት መኪና ዘይት ቀቡት።

በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉ። የመጀመሪያ ምላጬን በረኪና ውስጥ አሳድሬው ጠዋት ጠርዙን ዝገት በስቶት አገኘሁት። ማፍላትም አያስተማምንም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እጀታውም ይጣመማል። አልኮሉ ቤት ውስጥ የሚቻለውን ያህል ነው እንጂ የሕክምና ማምከኛ አይደለም። ስለዚህ ምላጩ ከዚህ በኋላ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ለወንድምም አይዋስም።

ዝገቱን ለማስለቀቅ ዘይት የተቀባ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቅቃል፣ ድንጋይም እንዲሁ ነው) ላጲስ ላይ ጠቅልሉ። ምላጩን ጣውላ ላይ አስተኝታችሁ ፈትጉ፣ እጃችሁ ወደ ስለቱ አይሂድ። ከዚያ 1000፣ ከዚያ 2000። ግራይንደር ወይም የሚሽከረከር መወልወያ አታስነኩት። ስስ ብረት በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ከ200 ዲግሪ ካለፈ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል። ሰማያዊ ቀለም ካየ ያ ቦታ ስለት አይዝም።

3. ዕቃዎቹ

ከዚህ በላይ አትግዙ። ብዙ ድንጋይ የገዛ ሰው የሚጨነቀው ስለ ድንጋዩ ነው፣ ስለቱን ማየት ይረሳል።

- ባለ ሁለት ፊት ድንጋይ፣ 1000 እና 6000 ቁጥር። ለወጥ ቤት ቢላዋ ተብሎ የሚሸጠው ይሆናል።
- ልሙጥ ድንጋይ፣ 8000 ወይም ከዚያ በላይ። እዚህ ካጣችሁት ከውጭ የሚመጣ ሰው ላይ ላኩ። እስኪመጣ ከታች የተጠቀሰው አረንጓዴ ቅባት ይተካዋል።
- የመስታወት ቁራጭ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከድንጋዩ ሰፋ ያለ። መስታወት ቆራጭ ሱቅ ትርፍራፊ ይሰጣችኋል። ጠርዙን እንዲሞርዱላችሁ ጠይቁ።
- የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ 400፣ 600፣ 1000 እና 2000። ባትላሜራ ቤቶች የሚገዙበት የመኪና ቀለም መሸጫ ጋ አለ።
- አጉሊ መነፅር፣ ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። 10 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ያለሱ በግምት ነው የምትሠሩት።
- ቋሚ ማርከር እና እርሳስ።
- የኤሌክትሪክ ናስትሮ።
- ሁለት ቁራጭ ቆዳ፣ ስፋታቸው 6፣ ርዝመታቸው 35 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ጫማ ሠሪ ጋ ሂዱና ቀለም ያልተቀባ፣ ገጹ ልሙጥ የሆነ፣ ጠንከር ያለ ቆዳ በሉ። የሶፋ ቆዳ በጣም ይለሰልሳል።
- አረንጓዴ የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት፣ ብረት ለመወልወል የሚሸጠው።

ቁጥር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥርና የድንጋይ ቁጥር አንድ አይደሉም። 2000 የሚል የመኪና ወረቀት ቅንጣቱ 10 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ 2000 የሚል የጃፓን ድንጋይ ግን 7 ማይክሮን አካባቢ። «በ2000 ወረቀት ጨርሻለሁ፣ ለምን አይላጭም?» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው። ገና መንገድ ላይ ነው ያለው።

4. ድንጋዩን ለጥ አድርጉት

አዲስ ድንጋይ ለጥ ያለ ይመስላል። ብዙ ጊዜ አይደለም። ቢላዋ የተሳለበት ደግሞ መሐሉ ጎድጉዷል። ቢላዋ ይህን ይችለዋል፣ ምላጭ ግን አይችለውም። መሐሉ በጎደጎደ ድንጋይ ላይ የምላጩ ሁለት ዳር ይበላል፣ መሐሉ ሳይነካ ይቀራል።

1. ድንጋዩ የሚጠጣ ዓይነት ከሆነ አረፋ መልቀቅ እስኪያቆም 10 ወይም 15 ደቂቃ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፉ። የማይጠጣ ከሆነ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን አስቀድማችሁ ሙሉ፤ መሐል ላይ ድንጋዩ እንዳይደርቅባችሁ።
2. በእርሳስ ገጹን በሙሉ አግድምና ቁልቁል መስመር ሞልታችሁ ሣሉበት።
3. መስታወቱን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። 400 ቁጥር ወረቀት አርጥባችሁ ላዩ ላይ ለጥፉ።
4. ድንጋዩን ገልብጣችሁ ፈትጉ። በየ20 ምቱ አቅጣጫውን አዙሩት።
5. አንስታችሁ እዩ። እርሳስ የቀረበት ቦታ ጉድጓድ ነው። መስመሩ በሙሉ እስኪጠፋ ቀጥሉ።
6. እንደገና አስምሩና ድገሙት። ሁለተኛው ዙር ላይ መስመሩ በሁሉም ቦታ እኩል ከጠፋ ጨርሳችኋል።
7. የድንጋዩን አራት ጠርዞች በወረቀቱ ፈትጋችሁ ሹልነታቸውን አጥፉ። ሹል ጠርዝ ምላጩን ይቧጭረዋል።
8. በብዙ ውሃ እጠቡት። አንዲት የ400 ቅንጣት ልሙጡ ድንጋይ ላይ ከቀረች ሥራውን ሁሉ ታበላሻለች።

ለሦስቱም ገጽ ይህንኑ አድርጉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከሚመጡልኝ ምላጮች ብዙዎቹ የሚድኑት እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

5. ስለቱን መመሥረት፣ 1000 ቁጥር ላይ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ድንጋዮች ያለውን ስለት ያለሰልሳሉ እንጂ አዲስ ስለት አይፈጥሩም። ስለት ማለት የግራው ገጽና የቀኙ ገጽ ጫፍ ላይ ሲገናኙ ነው። እስኪገናኙ ድረስ ከ1000 አትነሱ።

ልጆች ሌላ ክፍል ይሁኑ፣ በሩ ይዘጋ። ምላጩ ከእጃችሁ ከወደቀ ለመያዝ አትሞክሩ፤ እግራችሁን አሽሹና ተዉት ይውደቅ።

1. ጀርባው ላይ አንድ ንብርብር ናስትሮ ለጥፉ። ጀርባው እንዳይበላ ይጠብቀዋል። እዚህ ከለጠፋችሁ በሁሉም ድንጋይ ላይ ይኑር። መሐል ላይ ካነሳችሁት አንግሉ ይቀየርና ልሙጡ ድንጋይ ጠርዙን አይነካውም። ሲቀደድ ወዲያው ቀይሩት።
2. የስለቱን ሁለት ገጾች በማርከር ቀቡ።
3. የምላጩን አንገት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ። ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን ይንኩ። ለቢላዋ እንደምታደርጉት ጀርባውን ከፍ አታድርጉ፤ ብዙ ምላጭ የተበላሸው በዚህ ነው።
4. ስለቱን እያስቀደማችሁ፣ ድንጋዩን ስስ ልጣጭ የምትልጡ ይመስል ግፉ። ድንጋዩ ከምላጩ ስለሚጠብ ከተረከዙ (በእጀታው በኩል ካለው የስለቱ ዳር) ጀምራችሁ ወደ ጫፉ ሰያፍ ሂዱ።
5. መጨረሻ ላይ በጀርባው ላይ ገልብጡት። በስለቱ በኩል በፍጹም አትገልብጡ። ስትመለሱም ስለቱ ይቅደም። ሄዶ መመለሱ አንድ ምልልስ ነው።
6. ከ5 ምልልስ በኋላ ማርከሩን እዩ። እስከ ጠርዙ ድረስ በሁሉም ቦታ ከለቀቀ አቀማመጣችሁ ልክ ነው።

የማርከሩ ምልክት የሚነግራችሁን አንብቡ። ጫፉ ላይ ከቀረ ምላጩን ስትስቡ ተረከዙን እየተጫናችሁ ነው። ተረከዙ ላይ ብቻ ከቀረ ከስለቱ መጨረሻ ያለው ወፍራም ትከሻ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ምላጩን አንስቶታል፤ ምላጩን ትንሽ ወደ ውጭ አውጡት፣ ትከሻው ድንጋዩን አይንካ። ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር በሙሉ ከቀረ ገና ብዙ ብረት ይቀራል።

አቀማመጡ ከተስተካከለ በኋላ፦

7. በአንዱ ጎን 20 ትናንሽ ክብ እንቅስቃሴ፣ በሌላው 20፣ ከዚያ 10 ምልልስ አድርጉ። ክብደቱ የአንድ ጣት ያህል ብቻ ይሁን። ብትጫኑት ስሱ ብረት ይታጠፋል፣ ድንጋዩ ጠርዙን ሳይሆን መሐሉን ይበላል።
8. ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከመብራት ሥር ቀጥታ ከላይ እዩት። የሚያበራ ነጭ መስመር ወይም ነጥብ ካያችሁ እዚያ ቦታ ሁለቱ ገጾች አልተገናኙም። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ አይታይም።
9. ነጥቡ እስኪጠፋ 7ን ድገሙ። ያረጀ ምላጭ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

ማለፍ የሚቻለው መቼ ነው? የበሰለ ቲማቲም ላይ ምላጩን ሳትጫኑ አሳርፉና በትንሹ ሳቡ። ቆዳውን ሳይንሸራተት መቁረጥ አለበት። በተረከዙ፣ በመሐሉና በጫፉ ለየብቻ ሞክሩ። ከዚያ በደንብ አጥባችሁ የክንዳችሁን ፀጉር ከቆዳ አጠገብ እንዲቆርጥ አድርጉ። አንዱ ቦታ ብቻ ካልቆረጠ «ልሙጡ ድንጋይ ያስተካክለዋል» ብላችሁ አትለፉ። አያስተካክለውም።

ወደ ቀጣዩ ከመሄዳችሁ በፊት ክብደቱን ሙሉ በሙሉ አንስታችሁ በምላጩ ክብደት ብቻ 10 ምልልስ ጨምሩ። ጠርዙ ላይ የታጠፈ ስስ ብረት ካለ ይለቃል።

6. ማለስለስ

ምላጩን፣ እጃችሁንና ጠረጴዛውን እጠቡ። ሻካራ ቅንጣት አብሯችሁ እንዳይሻገር።

በ6000 ላይ ከ30 እስከ 40 ምልልስ። ክብ እንቅስቃሴ አያስፈልግም፣ ሰያፍ ምልልስ ብቻ። በአጉሊው እዩ፤ የ1000 ጥልቅ ጭረቶች ጠፍተው ገጹ ጭጋጋማ መስታወት መምሰል አለበት። ጭረት ከቀረ ቀጥሉ፤ ካልጠፋም ወደ 1000 ተመልሳችሁ ያለ ክብደት 10 ምልልስ አድርጉ።

በ8000 ላይ 40 ምልልስ፣ በምላጩ ክብደት ብቻ። እዚህ ገጹ ፊት ያሳያል። ድንጋዩ ምላጩን እንደ መሳብ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁለቱ ልሙጥ ገጾች ተጣብቀዋል ማለት ነው። ውሃ ጨምሩ እንጂ አትጫኑ።

7. ቆዳው

ሁለቱን ቆዳዎች ለጥ ባለ ጣውላ ላይ በኮላ ለጥፉ። የሚንጠለጠል ጠፍር የተለመደ ነው፣ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ጠፍሩ ከላላ ቆዳው ጠርዙን ይጠቀልለዋል፣ የሰዓታት ሥራ በ10 ምልልስ ይዶለዱማል።

አንዱ ቆዳ ላይ አረንጓዴውን ቅባት በስሱ ቀቡ፣ ቀለሙ እስኪታይ ብቻ። ሌላው ንጹሕ ይሁን። አታቀላቅሏቸው።

ናስትሮውን አንሱና በአልኮል ጥረጉ። አሁን አቅጣጫው ይገለበጣል። ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ስለቱን ካስቀደማችሁ ቆዳውን ትቆርጡታላችሁ፣ ስለቱም ይዶለዱማል። ከ8000 የመጣችሁ ከሆነ በአረንጓዴው 10 ምልልስ፣ 8000 ከሌላችሁ 30። ከዚያ በንጹሑ 50። ስትጀምሩ በዝግታ፤ ፍጥነት በራሱ ይመጣል።

8. ካልሆነ

*ፂሙን ይስባል፣ አይቆርጥም።* ስለቱ አልተመሠረተም። ወደ 1000 ተመለሱ። ቆዳ ላይ 200 ጊዜ ብትመላለሱ አይለወጥም።

*ይቆርጣል፣ ግን ቆዳ ያቃጥላል።* ማለስለሱ አጥሯል። 8000 ላይ 20 ምልልስና እንደገና ቆዳ።

*ጠርዙ በአጉሊው ጥርስ ጥርስ ይላል።* በረቂቁ ተሸራርፏል። 1000 ላይ ያለ ክብደት መልሱት። ሁለቴ ሞክራችሁ እዚያው ቦታ ላይ ከተሸረፈ ዝገቱ ብረቱ ውስጥ ነው። ጥርሱ እስኪያልቅ ብረቱን መብላት ይቻላል፤ ምላጩ ግን ይጠባል።

*ተረከዙ ይላጫል፣ ጫፉ አይላጭም።* የስለቱ ቅርፅ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። ምልልሱ ጫፉ ላይ ሲደርስ እጀታውን በጥቂቱ ብቻ ከፍ አድርጉ። ማርከሩን እንደገና ተጠቀሙ።

*ትናንት ተሳለ፣ ዛሬ ዶለዶመ።* ወይ እርጥብ ሆኖ ታጥፏል፣ ወይ ጠርዙ ላይ የታጠፈ ብረት ቀርቶ ነበር። ለሁለተኛው 6000 ላይ 10 ቀላል ምልልስ ይበቃዋል።

*ጣውላው ላይ ያለው ቆዳ ተቆረጠ።* ትንሽ ከሆነ በኮላ አጣብቁና በ600 ወረቀት አለስልሱ። መሐሉ ላይ ጥልቅ ከሆነ ቀይሩት።

*ጣት ተቆረጠ።* በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ፣ ተጫኑት። ካላቆመ ወይም ምላጩ ገና ያልጸዳ ከነበረ ጤና ጣቢያ ሂዱና ነገሩን ንገሯቸው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም ጠይቁ።

9. የመጀመሪያው መላጨትና አያያዝ

በመጀመሪያው ቀን ጉንጭ ብቻ። አገጭና አንገት ይቆዩ። ፊታችሁን በሞቀ ውሃ አለስልሱ፣ ሳሙናውን አብዙ፣ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ አጋድሉ፣ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ሂዱ። ፂማችን ጠምዛዛ ስለሆነ ተቃራኒውን ከላጫችሁት ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ያብጣል።

ከተላጫችሁ በኋላ አጥቡ፣ በለስላሳ ወረቀት ከጀርባ ወደ ስለት አድርቁ፣ ንጹሑ ቆዳ ላይ 10 ምልልስ አድርጉ። ሳይታጠፍ ጥቂት ሰዓት አየር ያግኘው፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ። በክረምት ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ቀቡ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥም አታስቀምጡ።

በየቀኑ ከመላጨታችሁ በፊት ንጹሑ ቆዳ ላይ 40 ምልልስ ይበቃል። መሳብ ሲጀምር አረንጓዴው ላይ 10። እሱም ካልበቃ 8000 ላይ 20። ካልወደቀ ወይም ካልተሸረፈ በቀር 1000ውን አታውጡት።

ጀማሪ ከሆናችሁ ሁለት ምላጭ ግዙ። አንዱ ርካሽ፣ ለልምምድ ብቻ የሚሆን። የአባታችሁን ምላጭ የምትነኩት ርካሹ ፊታችሁን ሳያቃጥል ሦስት ጊዜ ከላጨ በኋላ ይሁን።